የሲያትል ግቢና ሞስ፦ ጠይቁኝ
ሰላም ነው ሲያትሎች፣ ዊንተር ሊወጣ ሲል ሁሌ ያው ጥያቄ ነው፣ ከመስኮት ስታዩት ግቢው አረንጓዴ፣ ወርዳችሁ ስትረግጡት ሳር ሳይሆን ሞስ (እርጥብ ቦታ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፈው አጭር ለስላሳ አረንጓዴ ነገር)። ላንድስኬፕ ላይ ብዙ ዓመት ሰርቻለሁና የቻልኩትን ልመልስ።

ሞሱ ሳሬን በልቶ ጨረሰው፣ ምን ልርጭበት?
አልበላብህም ወንድሜ። ሞስ እውነተኛ ስር እንኳን የለውም፣ በጣትህ ቆንጠር ብታደርገው እንደ እርጥብ ስፖንጅ ተላጦ ነው የሚመጣው። ሳሩ ራሱ ደክሞ ቦታ ለቀቀ፣ ሞሱ ባዶ ቤት አገኘና ገባ። ጥላ፣ አሲዳማ አፈር፣ የተረገጠ መሬት፣ ከዛ ላይ ከኦክቶበር እስከ ማርች የሚዘንበው ዝናብ፣ ምን ቀረው? ገድለኸው ብቻ ከተውከው የሚቀጥለው ዊንተር እዛው ታገኘዋለህ።

እሺ ግን መግደያው?
አይረን ሰልፌት፣ የብረት ጨው ዱቄት ነው። ማርች አካባቢ ሞሱ እርጥብ እያለ፣ ልኩን ከረጢቱ ላይ እንደተጻፈው። ይጠቁራል፣ ከዛ በሬክ (ረጅም እጀታ ያለው ጥርሳም የግቢ መጥረጊያ) ትቧጥጠዋለህ። ሲሚንቶ ላይ የወደቀውን ግን ውሃ ሳይነካው በደረቁ ጥረገው!! እኔ ጀማሪ እያለሁ የአንዲት ደንበኛ ድራይቭዌይ ላይ ዱቄቱ ተበትኖ ሳላይ ውሃ ለቀኩበት፣ በነጋታው ብርቱካናማ ነጠብጣብ በነጠብጣብ፣ ብፈትገው ብፈትገው እምቢ አለ። እስካሁን በዛ መንገድ አልነዳም።

በረኪናስ?
ኧረ ተይ እህቴ፣ ሳሩንም አብሮ ይጨርሰዋል።

ጎረቤቴ ኖራ በትን አለኝ
ኖራ ሞስ አይገድልም። የአፈሩን አሲድ ነው የሚቀንሰው፣ እሱም የሚጠቅመው ሳሩን ነው። መጀመሪያ አፈርህን አስመርምር፣ ዝም ብለህ አትበትን።

ሞሱን ነቀልኩት፣ ግቢው ራሰ በራ ሆኖ ቀረ
ዋናው ስራ ገና አሁን ነው። ብሎን መፍቻ ያዝና መሬቱን ውጋው፣ በእጅህ ግፊት ካልገባ አፈሩ ደርቋል ማለት ሳይሆን ተጠቅጥቋል ማለት ነው (በዝናብ ወቅት እያወራሁ ነው)፣ አየር ማስገቢያ ማሽን ተከራይተህ ብሳው። ከዛ የሳር ዘር ዝራ፣ ፀሐይ ያለበት ጋ ፔሬኒያል ራይግራስ፣ ጥላው ጋ ፋይን ፌስኪው። ዴንቨር ያለ ጓደኛህ ኬንታኪ ብሉግራስ ዝራ ካለህ አትስማው፣ ከካስኬድ ተራራ ወዲህ አይመቸውም። ኤፕሪልም ይሆናል ግን ሴፕቴምበር ይሻላል፣ አፈሩ ገና ሞቅ ያለ ነው ዝናቡም እየመጣ ነው። ሲያድግ ደግሞ እንደ ወታደር ፀጉር አትላጨው፣ 2 ኢንች ተውለት፣ ማዳበሪያም አትርሳው፣ የተራበ ሳር ነው ቦታውን ለሞስ የሚለቀው።

ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ እዛው ይንከባለላሉ፣ አይረን ሰልፌቱ አይጎዳቸውም?
እማማ፣ እስኪደርቅ አያስወጧቸው፣ ልብስና ጫማም ያበላሻል። መርዝ አልፈልግም ካሉ ደግሞ በሬክ ብቻ ይነቀላል፣ ወገብ ይፈልጋል እንጂ።

የኔ ሞስ ትልቅ ዳግላስ ፈር ዛፍ ስር ነው፣ ፀሐይ የሚባል አያየውም
እዛ ጋ አትታገል፣ ተወው። ባይንብሪጅ ደሴት ላይ ብሎዴል ሪዘርቭ የሚባለው የአትክልት ቦታ ሄደህ የሞስ ጋርደኑን እየው፣ ሰው ቲኬት ቆርጦ ነው የሚያየው፣ አንተ በነጻ አግኝተህ ታማርራለህ።

መጥተህ ብትሰራልኝ ስንት ታስከፍለኛለህ?
ጀርባዬ እምቢ ብሎኝ ትቼዋለሁ። ሬኬን ግን አውስሃለሁ፣ ቅዳሜ ናና ውሰድ፣ ያለፈው የወሰደው ሰው ግን እስካሁን አልመለሰም፣ ይሄን እያነበብክ ነው መሰለኝ፣ የወሰድከው ልጅ።