ስለ አየር ንብረት የሚያስጨንቃችሁን ጠይቁኝ

ሥራዬ መለካት ነው። ሰው ቤትና ቢሮ እየገባሁ የትኛው ዕቃ ምን ያህል መብራት እንደሚበላ አያለሁ፤ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሰሞኑን የሙቀቱንና የጎርፉን ዜና እያያችሁ «እኔ ምን ላድርግ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። እስቲ የምችለውን ልመልስ። አንዳንዱ መልስ ደስ አይልም።

ቻርጀሬን ሁሌ ከሶኬት እነቅላለሁ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። ማነው ትክክል?

እሷ ናት፣ ይቅርታ ወንድሜ። ጥሩ ዘመናዊ ቻርጀር ስልክ ሳይሰካበት የሚበላው 0.1 ዋት ገደማ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ማፍላት ደግሞ 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። አስላው። ቻርጀሩ ከ40 ቀን በላይ ባዶውን ተሰክቶ ቢከርም የሚጨርሰው አንዴ ውሃ ያፈላህበትን ያህል ነው። አንተ ግን ቻርጀሩን ነቅለህ፣ ለአንድ ኩባያ ብለህ ማንቆርቆሪያውን ጢም አድርገህ ትሞላለህ። ብዙ ቤት ያየሁት ይሄንን ነው።

አንድ ነገር ያዝ፦ የሚያሞቅ ዕቃ ሁሉ ሆዳም ነው። ቦይለር፣ ምድጃ፣ ካውያ፣ ልብስ ማድረቂያ። በሙቅ ውሃ የሚያጥብ የልብስ ማጠቢያ ማሽንም ቢሆን አብዛኛው ጉልበቱ የሚሄደው ውሃውን ለማሞቅ ነው፣ ከበሮውን ለማዞር አይደለም። በቀዝቃዛ እጠብ። የድሮ አምፖል ካለህ ወደ ኤልኢዲ ቀይረው፤ ቢያንስ 75 በመቶ ያነሰ ይበላል። ከዚያ በኋላ ስለ አምፖል አትጨነቅ።

ፌስታል ትቼ የጨርቅ ቦርሳ ጀምሬያለሁ። ጥሩ አደረግኩ አይደል?

ስንቴ ትጠቀሚበታለሽ? ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነው። የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2018 ባወጣው ጥናት አንድ ተራ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት በኩል ከፌስታል የተሻለ እንዲሆን 52 ጊዜ ማገልገል አለበት። ውሃውን፣ ማዳበሪያውን፣ ሌላውንም ጉዳት ሁሉ ስትደምሪ ቁጥሩ 7,100 ይደርሳል። ጥጥ ብዙ ውሃና መሬት ይፈልጋላ! እኔ ራሴ ቤት 14 የጨርቅ ቦርሳ አለ፣ ከየስብሰባው በነፃ የተሰጠኝ፣ ስለዚህ ይሄን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። ያለሽን አንዱን እስኪቀደድ ያዢው። ሌላ አትግዢ።

ፌስታል ወንዝና ባሕር ያቆሽሻል፣ እውነት ነው። ግን ያ ሌላ ችግር ነው፤ ምድርን የሚያሞቀው በዋናነት እሱ አይደለም። ሁለቱን ስለምናደባልቅ ፌስታል እምቢ ብለን አውሮፕላን ላይ ስንወጣ ምንም አይሰማንም።

የግድ ሥጋ መተው አለብኝ?

የግድ አይደለም። ግን ሥጋ ሁሉ አንድ አይደለም። ከብትና በግ የሚያመሰኩ እንስሳት ናቸው፣ ሲያገሱ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፣ ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ዶሮ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፣ ጥራጥሬ ደግሞ ከዶሮም ያነሰ። የበሬ ሥጋ የምትበላበትን ቀን ብትቀንስ ለውጡ ይታያል።

ከዚያ በፊት ግን ፍሪጅህን ክፈት። እውነቴን ነው፣ አሁን ሂድና ክፈተው። ከኋላ በኩል ክዳኑ የተነፋ ዕቃ አለ፣ ከታች መሳቢያው ውስጥ ውሃ የቋጠረ አትክልት አለ። በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደተጣለ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም አስልቷል፤ 60 በመቶው የወጣው ከእንደኔና እንዳንተ ቤት ነው። ያ ምግብ ሲመረት፣ ሲጓጓዝ፣ ሲቀዘቅዝ ነዳጅ በልቷል። የቆሻሻ ክምር ሥር አየር አጥቶ ሲበሰብስ ደግሞ እንደገና ሚቴን ይሆናል። ቶሎ የሚበላሸውን ከፊት አድርግ፣ ገበያ ከመሄድህ በፊት ፍሪጁን ፎቶ አንሳ። የእኔ ዘዴ ይሄው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

ስልኬ ሦስት ዓመቱ ነው። አዲሱ ሞዴል መብራት ይቆጥባል ይላሉ። ልቀይር?

አትቀይር። አንድ ስማርት ስልክ በዕድሜው ከሚያስከትለው ብክለት 80 በመቶ ያህሉ የሚወጣው ገና ሲመረት ነው፣ አንተ እጅ ሳይገባ። ባትሪው ከደከመ ባትሪውን ቀይር። ልብስም እንደዚሁ ነው።

ኤሌክትሪክ መኪናስ?

ባትሪው ሲሠራ ብዙ ይበክላል፤ ግን አብዛኛው ቦታ ላይ በነዳጅ መኪና ፋንታ ከተነዳ ያንን ዕዳ በጥቂት ዓመት ይከፍላል። ደህና መኪና ካለህና የምትነዳው አልፎ አልፎ ከሆነ ግን አትቸኩል። ለአጭር መንገድ በእግር መሄድን የሚበልጥ መኪና ገና አልተሠራም።

የፕላስቲክ ዕቃ ላይ ሦስት ማዕዘን ምልክት ካለ ሪሳይክል ይሆናል ማለት ነው?

አይደለም። ውስጡ ያለው ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ነው የሚነግርሽ። 1 እና 2 ገዢ ያገኛሉ፣ ሌላው ብዙ ጊዜ አያገኝም። በዓለም ላይ ከሚጣለው ፕላስቲክ ሪሳይክል የሚሆነው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው።

እኔ ውሃ ብቆጥብ ባልቆጥብ ትልልቆቹ ድርጅቶች ይበክላሉ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ምን ዋጋ አለው?

እህቴ፣ ግማሹ እውነትሽን ነው። በ2020 ዓለም በሩን ዘግቶ ቤት ሲቀመጥ፣ አውሮፕላን ሲቆም፣ የካርቦን ልቀት የቀነሰው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የኃይል ማመንጫውና ፋብሪካው አልቆመማ። «የካርቦን አሻራ» (አንድ ሰው በኑሮው የሚያስከትለው ብክለት) የሚለውን ቃል በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ የነዳጅ ኩባንያው ቢፒ ነው፤ የራስሽን አሻራ የምታሰይበትን ማስሊያ በ2004 ይዞ መጣ። ሸክሙ ሁሉ አንቺ ላይ እንዲመስልሽ የሚፈልግ አለ፣ አትቀበይው።

ግን ሌላም ግማሽ አለ። ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለን የኦዞን ሽፋን ሲሳሳ አገሮች በ1987 ሞንትሪያል ላይ ተስማሙ፣ ሽፋኑን የሚጎዱት ጋዞች 99 በመቶ ያህል ከገበያ ወጡ፣ ሽፋኑም እያገገመ ነው። ያንን ሕግ ያመጣው የሳይንቲስቶችና የሕዝብ ጩኸት ነው። ስለዚህ ከቆጠብሽው ውሃ ይልቅ የሥራ ቦታሽ ስብሰባ ላይ «ይሄ ሁሉ ማሞቂያ ቅዳሜና እሁድ ለምን ይበራል?» ብለሽ የምትጠይቂው ጥያቄ ብዙ ሊቆጥብ ይችላል። እኔ አንድ ሕንፃ ውስጥ ያገኘሁት ትልቁ ብክነት በዚሁ ጥያቄ ነው የተገኘው፣ የጠየቀችውም የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። ለእንቅልፉ ደግሞ ዜናውን ጠዋት አንብቢው፣ ማታ ስልኩን ሌላ ክፍል ተይው።

የቻርጀሩ ሰውዬ ነኝ። ባለቤቴ መልስህን አንብባ እየሳቀች ነው። ምን ልበላት?

ማንቆርቆሪያውን የሚሞላው ማን እንደሆነ ጠይቃት።