«የተወለድኩበት ቀን ምን ዕለት ነበር?»፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት። ቀን ከነገሩት ዕለቱን ወዲያው ይናገራል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የተወለድኩበትን ንገረኝ» ይሉታል። በመጨረሻ ጆሮውን ይዞ አልጋ ሥር ይገባል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ አልጋ ሥር ሲገባ «በቃኝ» እያለሽ ነው። እንግዶችሽን «ዛሬ አይጠየቅም» በያቸው። ቅር ያለው ሻዩን ጠጥቶ ይረሳዋል፤ ልጅሽ ግን ጭንቀቱን ቶሎ አይረሳም።

ችሎታው እውነተኛ ነው። ኦቲዝም ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ይታያል። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ደግሞ ለዚህ ይመቻል። ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ መባቻው ሁለት ሁለት ዕለት እየገፋ ይሄዳል። መስከረም 1 ሐሙስ ከዋለ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ ነው። ልጅሽ ይህን ማንም ሳያስተምረው ደርሶበት ይሆናል። እኔ በበኩሌ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ የግድግዳ ካላንደር ግዢለት። ፀጉሩን የሚቆረጥበትን፣ እንግዳ የሚመጣበትን ቀን አብራችሁ አክብቡበት። ድንገተኛ ነገር የሚያስጨንቀው ልጅ የሚመጣውን ቀድሞ ሲያውቅ ይረጋጋል። ቀን ማወቁ መጀመሪያ ለራሱ ይጥቀመው።

ጥያቄ፦ አማቴ የልጄ ኦቲዝም እርግማን ነው ይላሉ። ባሌ ደግሞ ክትባት ነው ባይ ነው። (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም። ክትባትን የወነጀለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2010 ራሱ ያሳተመው መጽሔት ሰርዞታል። የቀረው ክትባት ካለ ልጁን ወስደሽ አስከትቢው።

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ዓመቱ ነው፤ አይናገርም። ጎረቤቴ «እነዚህ ልጆች ሁሉ የተደበቀ ተሰጥኦ አላቸው» ይለኛል። እኔ ግን ፈልጌ አጣሁ። (አባት፣ ከሸዋ በር፣ ሐረር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎረቤትህ ሊያጽናናህ ብሎ ነው፤ ግን ተሳስቷል። በተለመደው ግምት እንዲህ ያለ ልዩ ተሰጥኦ ያለው ኦቲዝም ካለባቸው 10 ሰዎች 1 ያህሉ ነው። ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ዳንኤል ታሜት እ.ኤ.አ. በ2004 የፓይን (3.14 ብሎ የሚጀምረውን ማለቂያ የሌለው ቁጥር) 22,514 አሃዞች በቃሉ ወጥቷል፤ 5 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ፈጅቶበታል። እንዲህ ያለ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ልጅህ እንዲወደድ የግድ እሱን መምሰል የለበትም።

ተሰጥኦ ፍለጋውን ተወውና መግባቢያ ፈልግለት። መስማቱን አስመርምር። የውሃ፣ የእንጀራና የሽንት ቤት ሥዕል ካርቶን ላይ ለጥፍለት። ሥዕል ንግግርን አያስቀርም፤ አትስጋ። በውሃው ጀምር። ሥዕሉን አንስቶ ሲሰጥህ «ውሃ» በለውና ብርጭቆውን ሳትዘገይ አቀብለው።