ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም

ልጆች፣ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የሰው ታክስ ስሠራ ነው ጸጉሬ የሸበተው። አሁን የወላጆቻችሁን ታክስ ማታ ማታ በላፕቶፕ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ፣ ጎሽ። ግን በየዓመቱ ያው ጥያቄ ይመጣል፦ «ጋሼ፣ የአባዬ 1099-አር (ከጡረታ የወጣውን ገንዘብ የሚያሳየው ወረቀት) ታክስ አይከፈልበትም ተብሏል፤ ልዝለለው?»

እንዳትዘሉት! እኔ ዘልዬው አውቃለሁ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ከአይአርኤ (የግል የጡረታ ቁጠባ) አኑዊቲያቸው፣ ማለት በየጊዜው ከሚከፍል የጡረታ ውላቸው፣ ቼክ ወጥቶላቸው፣ በ60 ቀን ውስጥ ሙሉውን ወደ ሌላ አይአርኤ መልሰው አስገብተውት ነበር። ሮልኦቨር ነው፣ ከአንድ የጡረታ ሒሳብ ወደ ሌላ ማዛወር ነው፣ ታክስ የለውም ብዬ ወረቀቱን ሳላስገባ ቀረሁ። ከዓመት በላይ ቆይቶ ደብዳቤ መጣባቸው፤ ብሩ በሙሉ ገቢ ተብሎ ተሰልቶ። እሳቸው ምንም አላጠፉም፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ የዚያ ወረቀት ግልባጭ አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ጋ አለ። እናንተ ካልተናገራችሁ ኮምፒውተሩ ተደበቀ ብሎ ያስባል። ስለዚህ እንደታተመው አስገቡት። ጠቅላላው በ1040 (የዓመቱ የታክስ ቅጽ) ላይ መስመር 5ኤ፣ ታክስ የሚከፈልበት ብቻ 5ቢ ላይ ይውላል (አይአርኤ ከሆነ 4ኤ እና 4ቢ)። 5ቢ ዜሮ ሆኖ 5ኤ ላይ ትልቅ ቁጥር ብታዩ አትደንግጡ፣ ትክክል ነው።

ብዙዎቻችሁን የምትጥለው የ1099-አር ሣጥን 2ኤ ናት፤ ታክስ የሚከፈልበት መጠን የሚጻፍባት። ዜሮ ከታተመባት ዜሮ ጻፉ። ባዶ ከሆነችና 2ቢ ላይ «አልተወሰነም» የሚለው ምልክት ካለ ግን ዜሮ አትሙሉባት፤ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ቀጥሎ የሚጠይቃችሁን «ቀጥል፣ ቀጥል» እያላችሁ ካለፋችሁት ደግሞ አባታችሁ ሙሉውን ታክስ ሊከፍሉ ይችላሉ። አባታችሁ ታክስ ከተከፈለበት ደሞዛቸው 21,000 ዶላር ለመሥሪያ ቤታቸው ጡረታ አዋጥተው፣ ለራሳቸው ዕድሜ ብቻ የሚከፈል ጡረታ በ66 ዓመታቸው ጀመሩ እንበል። 21,000ው የአይአርኤስ ሠንጠረዥ ለዚህ ዕድሜ በሚሰጠው 210 ወር ይካፈላል፤ በወር 100፣ በዓመት 1,200 ዶላር ታክስ አይነካውም፣ የገዛ ገንዘባቸው ነዋ የተመለሰው። ቀሪው ይነካዋል። 21,000ው ተመልሶ ሲያልቅ ሁሉም ይነካዋል።

ታዲያ በዓመቱ ሌላ ሶፍትዌር ከያዛችሁ፣ እስካሁን ስንት እንደተመለሰ አያውቅም። የስሌቱን ገጽ አትማችሁ አስቀምጡ። የእኔ ደንበኞች በጫማ ካርቶን ነው የሚያመጡልኝ፣ እሱም ይበቃል።