ለጥያቄዎ መልስ፦ የፋርስ ወታደሮች ምስል በምን ቀለም ይቀባ?

የዳርዮስንና የልጁን ዘመን የፋርስ እግረኞች በትናንሽ ምስሎች ሲሠሩ ሁሉንም ሐምራዊ ማልበስ ትክክል ስለመሆኑ ጠይቀዋል። እኔ አልመክርም። ሐምራዊው ከባሕር ቀንድ አውጣ የሚገኝ እጅግ ውድ ቀለም ስለነበር ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ቢተዉት ይሻላል።

ለንጉሡ ዘበኞች ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ፣ ከመጽሐፈ አስቴር የምናውቃት ሱሳ ከነበረው የዳርዮስ ቤተ መንግሥት ተገኝቶ ዛሬ በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም የሚታየው የቀስተኞች ግድግዳ ነው። በሚያብረቀርቀው ጡብ ላይ የአንዱ ቀሚስ ቢጫ፣ የሌላው ነጣ ያለ ሲሆን፣ ጨርቁ ላይ ክብ አበባ ወይም ባለ ሦስት ግንብ ምሽግ የሚመስል ጥለት ተበትኖበታል፤ ሰፊው እጅጌ ደግሞ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ሆኖም ጡብ ሠሪው በእጁ የነበሩት እሳት የሚችሉ ጥቂት ቀለሞች ብቻ ስለነበሩ፣ ቢጫውን እንደ ጨርቁ ትክክለኛ ቀለም ሳይሆን እንደ መነሻ ይውሰዱት።

ሱሪ ለለበሱት ፈረሰኞች በ1887 እ.ኤ.አ. በሲዶና የተገኘውና በኢስታንቡል የሚገኘው የእስክንድር ሳርኮፋገስ (ፋርሶች የተቀረጹበት የድንጋይ የሬሳ ሣጥን) የቀለም ርዝራዥ ይረዳዎታል፤ ዘመኑ ግን ከእርስዎ ወታደሮች ከመቶ ዓመት በላይ ይዘገያል።

ወታደሮቹ በእጃቸው የሚይዙትን ጦር ግርጌ አይርሱ። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው ከአሥር ሺዎቹ ምርጥ እግረኞች የ1,000ዎቹ ጦር ግርጌ የሮማን ፍሬ የሚመስል የወርቅ ጌጥ፣ የ9,000ዎቹ ደግሞ ተመሳሳይ የብር ጌጥ ነበረው፤ ስለዚህ አብዛኛውን በብርማ ይቀቡ።