መልስ፦ በሁለት ሄሊክሶች መካከል ያለው አንግል ለምን ይዘላል?

በፕሮቲን ውስጥ ባሉ ሁለት ሄሊክሶች (እንደ ጥምዝ ሽቦ የተጠቀለሉ የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች) መካከል ያለውን አንግል ሲለኩ ውጤቱ ለምን በድንገት እንደሚለወጥ ጠይቀዋል። ጫፉ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ ሲጨምሩ አንግሉ የሚዘለው የሄሊክሱን ዘንግ (የመሃል መስመሩን) ለማግኘት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አልፋ ካርቦን (የአሚኖ አሲዱን ማዕከላዊ ካርቦን) በቀጥታ ስላገናኙ ነው። አልፋ ካርቦኖች ከዘንጉ 2.3 አንግስትሮም (አንዱ የናኖሜትር አንድ አስረኛ ነው) ያህል ይርቃሉ፤ 10 አሚኖ አሲድ ባለው ሄሊክስ ሁለቱ ጫፎች በተቃራኒ ጎን ስለሚውሉ መስመሩ ወደ 19 ዲግሪ ያጋድላል።

ከሁሉም አልፋ ካርቦኖች ላይ አማካይ ነጥባቸውን ቀንሰው ኤስቪዲ (SVD፣ ነጥቦቹ ይበልጥ የተዘረጉበትን አቅጣጫ የሚያወጣ የማትሪክስ ስሌት) ያስኬዱ፤ ትልቁን ዋጋ የያዘው ቬክተር ዘንጉ ነው። አቅጣጫው ግን በዘፈቀደ ይመጣል፣ ካልተስተካከለ 20 ዲግሪው 160 ሆኖ ያርፋል። ከኤን ጫፍ (ከሰንሰለቱ መጀመሪያ) ወደ ሲ ጫፍ (ወደ መጨረሻው) ከሚሄደው ቬክተር ጋር ያለው ዶት ፕሮዳክት (ሁለት ቬክተሮች ወደ አንድ ወገን መሄዳቸውን የሚያሳይ ብዜት) ኔጌቲቭ ከሆነ በ-1 ያባዙት። አንግሉን ከሚሰጠው አርክኮሳይን በፊትም የሁለቱን ዘንጎች ዶት ፕሮዳክት በ-1 እና በ1 መካከል ይገድቡ።

ከሁለት ዙር ላጠረ ሄሊክስ ኤስቪዲን አልመክርም፤ ርዝመቱ ከስፋቱ ብዙም ስለማይበልጥ ዘንጉ ይዛባል። ፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድ ያጎበጠውን ሄሊክስ ከመታጠፊያው ላይ ለሁለት ከፍለው ለየብቻ ይለኩ።