ሮቢት የምትነሳ፣ ደብረ ብርሃን የምትተኛ ኮሮላ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ ሸዋ ሮቢት ስለምትሠራ ቅዳሜና እሁድ እዚያው ነኝ። ያለችኝ አሮጌ ኮሮላ ናት። ሮቢት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ሰኞ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ግን «እኽ… እኽ…» ብላ ዝም! ተማሪዎቼ እየገፉ ያስነሱልኛል፤ ፈተና ሲቃረብ ገፊው ይበዛል። አትጨስም፣ ዘይት አትበላም። መካኒኩ «ሞተሩ ይውረድ» ይላል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ «በመንገድህ ያለውን የጣርማ በር ተራራ ስትወርድ በፎሌ (ማርሽ አውጥተህ) ልቀቃት፣ ቤንዚን ትቆጥባለህ» ይለኛል። ወይስ ሸጬ ኤሌክትሪክ ልግዛ?
ገፊ ያላጣው መምህር

መልስ፦ መምህር (በዕድሜ ልጄ ስለምትሆን አንተ እላለሁ)፣ እንኳን ቁልፉን ለመካኒክህ ከማስረከብህ በፊት ጻፍክልኝ። ሞተሩ ያለቀ መኪና ጭሱ ከጣርማ በር ዋሻ ቀድሞት ይወጣል። ያንተዋ አታጨስም፣ ዘይት አትጠጣም፣ ሮቢት ላይ እንደ ልቧ ትነሳለች። ታዲያ ምኑ ነው የሚወርደው?

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሮቢት የዚያን ግማሽ እንኳ አትሞላም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲወርድ የሞተር ዘይት ይወፍራል፣ ባትሪም ጉልበቱ ይቀንሳል። ደካማ ባትሪ ወፍራም ዘይት ውስጥ የተቀመጠ ሞተር አዙር ሲባል «እኽ» ከማለት በቀር ምን ያድርግ? ለሮቢት ሙቀት ተብሎ ነጠላው ባለ 40 ዘይት ተሞልቶልህ ከሆነ፣ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ከፈቀደ በብርድ ብዙም ወደማይወፍረው 15 ደብልዩ 40 ለውጥ። የባትሪውን ራስ ነጭ ዱቄት አራግፍ፣ ኔጌቲቩ ሽቦ ከቦዲው ጋር የታሰረበትን ቦታ አጥብቅ። ከዚያ ባትሪው ሞልቶ ሳለ አንድ ሰው ቁልፍ ያዙር፣ ኤሌትሪሺያኑ ይለካ፤ ሲያዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። ካልወረደ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይታይ።

ስለ መካኒክህ ክፉ አልናገርም። ግን ሞተር ብቻውን ወርዶ አያውቅም። «ከወረደ አይቀር» ተብሎ ፍሪሲዮኑ ይከተላል፣ ጓርኒሲዮኑ ይከተላል፣ ፖምፓው ይከተላል፤ ስትመለስ የደሞዝህም ነገር አብሮ ወርዷል። «በቅድሚያ ኮምፕሬሽን (ሞተሩ አየር የሚጨምቅበትን ጉልበት) ለካልኝ» በለው። መለኪያ የለኝም ካለህ ቁልፍህን ተቀብለህ፣ አመስግነህ ውጣ። ኮፈን በተከፈተ ቁጥር የሚሰበሰበውን መካሪ ደግሞ ሻይ ጋብዘህ አሰናብተው፤ ርካሹ ጥገና እሱ ነው።

የባለቤትህን ወንድም አታስቀይም፣ መሪ ግን አትስጠው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ በፎሌ ስትለቃት ክብደቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚቆጠብ ቤንዚን የለም። ቁጠባውም ቢሆን ወሬ ነው፦ ኢንጀክሽን (ነዳጁ በኮምፒውተር ተለክቶ የሚረጭለት) ሞተር በማርሽ ሆነህ እግርህን ከቤንዚን ላይ ስታነሳ ነዳጁን ይቆርጣል፤ በፎሌ ግን እንዳይጠፋ እየጠጣ ይሄዳል። ካርቡሬተር ብትሆንም ለጥቂት ጠብታ ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ነፍስ አይያዝም። በወጣህበት ማርሽ ውረድ።

መሸጡስ? በሌላው አገር መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፤ እኛ ጋ ግን እንደ አገር ሽማግሌ ክብሩ ይጨምራል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተባለ። ስለዚህ በሯ ከውስጥ ብቻ የሚከፈት ኮሮላ እንኳ ተሰልፎ የሚጠብቃት ገዢ አላት።

ኤሌክትሪኳ ለእኛ ተራራ ደግ ናት፤ አልዋሽህም። የቤንዚን ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ እሷ አየር አትተነፍስምና ግድ የላትም። ቁልቁለት ላይም ሞተሯ መልሶ ባትሪ ይሞላል። ግን ከሮቢት ወደ ጣርማ በር ስትወጣ ቻርጁ ዓይንህ እያየ ያልቃል፣ ብርዱም ቻርጁን ይቀንስባታል። ደግሞስ ማታ የት ትሰካታለህ? አከራይህ ስልክ ቻርጅ ስታደርግ የሚያኮርፍ ዓይነት ከሆነ፣ መኪናዋን ከመግዛትህ በፊት የራስህን ቆጣሪ አስገባ።