ከመስቀል ወዲህ የወጣው እብጠት

ጥያቄ፦ ልደታ አካባቢ ጓሮዬ ውስጥ 4 የፈረንጅ ላሞች አሉኝ። ከመስቀል ወዲህ አንዷን አተኮሳት፣ ወተቷ በግማሽ ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን አንገቷና ጎኗ ላይ ጠጣር እብጠት ፈላባት። ጎረቤቶቼ «የቢንቢ ንክሻ ነው፣ ይጠፋል» ይላሉ። ሌሎቹን ላስከትብ? ወተቱስ ይጠጣል?

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። የንክሻ ሽፍታ ለስለስ ያለ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይከስማል። ይኼኛውን ግን ትኩሳት ቀድሞታል። እብጠቱን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ያንቀሳቅሱት። ከቆዳው ጋር አብሮ ከሄደ፣ ከትከሻዋ ፊት ያለው ንፍፊትም ካበጠ፣ ጉርብርብ ነው (ሐኪሞቹ ላምፒ ስኪን የሚሉት) ብለው ይጠርጥሩና ለወረዳዎ የእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ።

ቫይረሱን ቢንቢም ነካሽ ዝንብም ያዛምታሉ። የታመመችውን የነከሰ አፋቸውን ይዘው ጤነኛዋ ላይ ሲያርፉ ልክ እንደ ቆሻሻ መርፌ ናቸው። ላሞቹ መሬቱን በእግራቸው መላልሰው ከደበደቡ ዝቅ ብለው ይመልከቱ፤ እግራቸው ላይ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ የተቀመጠው ዝንብ ነካሹ ነው።

ሦስቱን ያስከትቡ፤ መጀመሪያ ግን ሙቀታቸው ይለካ፣ ከ39.5 ዲግሪ በላይ የሆነችው ትቆይ። ለእያንዳንዷ ላም መርፌ ይቀየር። በአንድ መርፌ ሁሉንም መውጋት ዝንቡ የሚሠራውን በእጅ መሥራት ነው። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ በበረዶ ሳጥን ይምጣ፤ ሲሪንጁ በአልኮል ከታጠበ ክትባቱ ይሞታል። እስኪጸና 3 ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ በዚህ መሃል አንዷ ብትታመም ሳይጸናላት ተይዛለች ማለት ነው። ለከርሞ ግንቦት ላይ፣ ክረምት ሳይገባ ያስከትቡ።

የታመመችው ለብቻ ትታሰር፣ የምትታለበውም በመጨረሻ ይሁን። አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካውም፤ የሚታዘዘው ቁስሉ እንዳይመረቅዝ ነው። እብጠቱን አያፍርጡ፤ ቫይረሱ ቅርፊቱ ውስጥ ከወር በላይ ይቆያል።

በሽታው ሰው አይዝም። ወተቱ ተፈልቶ ይጠጣል፤ አንቲባዮቲክ ከተወጋች ግን ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ይደፋ።

ጥያቄ፦ አራዳ ነው የምኖረው፣ ግቢው ጠባብ ነው። ፍግ ሲከማች ዝንቡን ያበዛዋል?

መልስ፦ አዎ፣ በተለይ በሽንት የራሰ ገለባ ሲቀላቀልበት። ነካሹ ዝንብ ከእንቁላል ተነሥቶ ለመብረር ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይበቃዋል፤ ስለዚህ ፍጉ በሳምንት አንዴ ይውጣ። የሚወስድ ሰው ከጠፋ በላስቲክ ሸፍነው ዙሪያውን በድንጋይ ይጫኑት፤ ግለቱ ትሉን ይገድለዋል። ፀሐይ ካለ ኩበት ይጠፍጥፉት፤ ቶሎ ከደረቀ ዝንብ አይፈላበትም። ለቢንቢው ደግሞ ክፍት በርሚል በየ5 ቀኑ ይደፋ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግርግሙ ሥር ወድቆ የራሰው ድርቆሽ ነው፤ ገለጥ ቢያደርጉት ትሉን እዚያ ያገኙታል።